ጥር ስምንት የመሰለን ሚያዝያ ሠላሳ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፪

አራት ቁጥር ሚያዝያ ነው። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ጣሊያን ቢሮ ሄድሁ። ቁይ ከተማ የምትኖረው እኅቴ ለዳግም ትንሣኤ ነይ ብላ ልካብኝ ነበርና የመንገድ ፈቃድ ፈለግሁ። ያለ ወረቀት ከከተማ የወጣ ኬላው ላይ ይመለሳል፤ ቀን ከከፋበትም ይታሰራል። እስከ ስድስት ሰዓት ግንቡ ሥር ቆምን። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ወጣት ነው። «አደይ» ይለኛል፤ በእነሱ አገር እናቴ ማለት ነው። ስሜን ጻፈ፣ ቁይን ጻፈ፣ ከታች ቁጥር አደረገበትና ማኅተም መታ።

የፈረንጅ ቁጥር አውቃለሁ። ገበያ የምትውል ሴት ሁሉ ከሊሬው ላይ ለምዳዋለች። 30-4 ይላል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት።

«የዛሬ ቀን ነው አደይ። ሠላሳው ቀኑ ነው፣ አራቱ ወሩ።»

«አራተኛ ወርማ ታኅሣሥ ነው።»

ሳቀ። «እሱ የናንተ ነው። የእነዚህ ዓመት በመስከረም አይጀምርም፤ ጥር አካባቢ ነው የሚጀምር። አራተኛ ወራቸው እናንተ ሚያዝያ ላይ ስትሆኑ ነው።»

«አምስተኛውስ?»

«ነገ ይገባል። ነገ 1-5 ብዬ ነው የምጽፍ።»

ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ «እትዬ፣ ትምህርቱን ለሌላ ቀን ያድርጉትና እኛም ወረቀታችንን እንውሰድ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል።

ስመለስ መንገድ ላይ በጣቶቼ አንጓ ቆጠርሁ። ነገ ሃያ ሦስት፣ አንድ። ሃያ አራት፣ ሁለት። ሃያ አምስት፣ ሦስት። እንዲህ እያልሁ ስሄድ ስምንተኛው ሠላሳ ላይ ዋለ። ደግሜ ቆጠርሁ። የሰው ግድግዳ ተደግፌ ሦስተኛ ቆጠርሁ።

የልጄ የስሜነህ የሞት ወረቀት 8-5 ነው የሚለው።

እኛ ጥር ስምንት ብለን አልቅሰናል። ልጄ የሞተው ሚያዝያ ሠላሳ፣ በማርቆስ ዕለት ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፳፫

ጊዮርጊስ ነው። ሳልሳለም ዋልሁ። ወረቀቱን ከዳዊቴ ማኅደር አውጥቼ አየሁት። 8-5-1938። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለወጥሁት እኔ ነኝ።

የሆነውን በተራ ላስቀምጠው፤ ለራሴም እንዲገባኝ።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ስሜነህን «ዱር ለገቡት ጨው አቀብለሃል» ብለው ያዙት። እዚሁ ከተማ ጣሊያን ግቢ ውስጥ አሰሩት። እኔና ሚስቱ እንጉዳይ በየተራ ስንቅ አደረስን። ጥር ሰባት ቀን ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰልኝ። «ከእንግዲህ አያስፈልገውም» አለ። ወዴት ወሰዳችሁት ስለው በሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ ይህን ወረቀት ይዞ መጣ። «ልጅዎ አርፏል። ቀኑ ወረቀቱ ላይ አለ» አለ። እሱም ማንበብ አይችል። የማርቆሱ መሪጌታ ዘንድ ወሰድነው። ጽሕፈቱን እሳቸውም አያውቁትም፤ ቁጥሩን ግን አነበቡ። «ስምንት፣ አምስተኛ ወር። ጥር ስምንት» አሉ። ዘበኛው አገልግሉን በመለሰ ማግስት። ልክ ገጠመ። የገጠመ ነገር ማን ይመረምራል?

ከጥር ስምንት ሲቆጠር አርባው በየካቲት፣ ሰማንያው በመጋቢት አልፎ ነበር። «ያለፈው አልፏል፤ ለሙት ዓመቱ እንዘጋጅ» ተባለ። እንዲሁ አደረግን።

ዛሬ ደግሞ ከማርቆስ ቆጠርሁት። አርባው የሚውለው ሰኔ ዘጠኝ ነው። ወረቀቱ እጃችን ከገባ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ነበረን። አሥራ ስምንት ቀን።

ነፍስ በአርባ ቀኗ ፍርዷን ትሰማለች ይላሉ። ልጄ ያን ቀን ስሙን የሚጠራለት ሰው አጥቶ ቆመ። ሰኔ ዘጠኝ ምን ስሠራ ዋልሁ? ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አልመጣልኝም። ጎመን ስኮተኩት ይሆናል።

ለእንጉዳይ ነገርኋት። ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቱ እጇ ላይ ቀረ።

«አራት ወር በሕይወት ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«የት?»

«አላውቅም።»

«ማን አበላው?»

«አላውቅም ልጄ።»

እንዝርቱን አስቀመጠች። ከዚያ «እኔ እኮ በየካቲት ጋቢውን አጥቤ አጣጥፌ ነበር፣ ሲመጣ ይለብሰዋል ብዬ። ወረቀቱ ሲመጣ ጊዜ ለሞተ ሰው ሳጥብ ኖሬያለሁ ብዬ በራሴ ሳቅሁ» አለች። «ለካ አልሞተም ነበር፣ እሜቴ።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳፬

መሪጌታ ዘንድ ሄድን። ለንግሡ ማኅሌት ተማሪዎቻቸውን ያስጠናሉ። እኛን ሲያዩ አሰናበቷቸው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ የአስተርጓሚውንም ቃል እንደሰማሁት ነገርኋቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ያዙት። ጽሕፈቱን እንደማያውቁት እያወቁ ብዙ አዩት።

«ዘመኑን ግን አርሜ ነበር» አሉ። «ሠላሳ ስምንት ይላል፤ ስምንት ቀንሼ ሠላሳ አልሁ። ፈረንጅ በዘመን እንደሚስት አውቃለሁ። በወርም ይስታል ብዬ አላሰብሁም።»

እንጉዳይ አላስቻላትም። «መሪጌታ የጨረቃን ሌሊት፣ የፀሐይን መንገድ ይቆጥራሉ። አምስት ላይ ሲደርሱ አደናቀፈዎት።»

«አንቺ፣ ዝም በይ» አልኋት።

«ተያት። እውነቷን ነው» አሉ መሪጌታ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጾምና በዓሉን ለአገሩ ሁሉ የሚያወጡ እሳቸው ናቸው። ስተው አያውቁም።

ጥር ላይ ያወጣነው ሙት ዓመት እንዲያው ቀረ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ጸሎት መንገድ አይጠፋውም» አሉ። «የትም ቢልኩት ቤቱን ያውቃል።»

«አርባውስ?»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «በሞተበት አገር ያለ ካህን አድርሶለት እንደሆነ ማን ያውቃል» አሉ።

«በምን ስም? የክርስትና ስሙን እኔና የነፍስ አባቱ እንጂ ሌላ ሰው አያውቅም። የነፍስ አባቱም አርፈዋል።»

«እሱም አለ» አሉ።

በማርቆስ ዕለት ፍትሐት ይደረግለት አልሁ። በንግሥ ቀን ፍትሐት እንደማይደረስ እኔም አላጣሁትም። እሳቸውም እንደማላጣው ያውቃሉ። ስንወጣ ተማሪዎቹን መልሰው አልጠሩም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ ፳፭

ቁይ መሄዱን ተውሁት። እንጉዳይ ለማርቆስ ጠላ ጠንስሳለች፤ እኔ ጌሾ እንኳ አልወቀጥሁላትም። ቁጭ ብዬ የየዓመቱን ሚያዝያ ሠላሳ አስባለሁ። የማስታውሰውን ልጻፍ።

ስሜነህን አዝዬ መጀመሪያ የወጣሁበት ዓመት። በረዶ ጣለ። ታቦቱን ቶሎ አስገቡት፤ ሰው በየጥዱ ሥር ተጠጋ። እሱ ከነጠላዬ ውስጥ እጁን እያወጣ በረዶ ሊይዝ ይታገላል። ሲይዘው ይሟሟበታል። እኔን ይቆጣኛል፣ የወሰድሁበት መስሎት።

አባቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያከበረበት ዓመት። የማኅበሩ ጽዋ የእኛ ተራ ነበር። ከወንድሜ ጋር በመሬት ነገር ተሰዳድበው እዚያው ታረቁ። ሐምሌ ላይ ሞተብኝ። ስሜነህ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

እንጉዳይን ያየበት ዓመት። ከጭፈራው መሐል ሮጦ መጥቶ «እማዬ፣ ያቺ ረጅሟ የማን ልጅ ናት?» አለኝ። «ረጅም ሁሉ የአንተ ነው እንዴ?» አልሁት። ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

የሃያ ስምንቱ። ወንዶቹ ከጦርነቱ ገና አልገቡም። ከበሮውን ሽማግሎች መቱት፤ ቶሎ ደከማቸው። ስሜነህ ከበዓሉ አራት ቀን ቀድሞ እግሩ አብጦ ገብቶ ነበርና በምርኩዝ ወጣ። ሴቱ ሁሉ ከቦ «የእኔንስ አይተኸዋል?» ይለዋል። ለሁሉም «ደኅና ነው፣ ከኋላ ነው» ይላል። ቤት ስንገባ «የአብዛኛውን አላየሁም» አለኝ። ጣሊያን ከተማው የገባው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው።

የሃያ ዘጠኙ። የጣሊያኑ ሹም ወንበር አስወጥቶ ዳስ ሥር ተቀመጠ። ታቦቱ ሲያልፍ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። አሮጊቶች «እሱስ እግዜርን ይፈራል» ተባባሉ። ስሜነህ በጆሮዬ «ባርኔጣ ማውለቅ ምን ያከስረዋል፣ እማዬ» አለኝ።

የሠላሳው። ይህንን መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ልጻፈው። ከጥር ጀምሮ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ሴት «እስረኞችን ሊፈቱ ነው ይባላል» አለችኝ። ከማን እንደሰማች አልጠየቅኋትም። እንዲሁ አመንኋት። ታቦቱ ሲወጣ እልል አልሁ። የአራት ወር እልልታ ነው ያወጣሁት። ቤት ገብቼም ጠላ ጠጣሁ፤ ከጎረቤት ጋር ሳቅሁ። ልጄ የት እንደሆነ በማላውቀው አገር ያን ሰዓት ነፍሱ ትወጣ ነበር።

የሠላሳ አንዱ። ሙት ዓመቱን ጥር ላይ አውጥተን ጥቁሬን ጥያለሁ። ነጭ ለብሼ ወጣሁ። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አሉኝ። ሙት ዓመቱ ያን ቀን ነበር።

አንድ ቀን ናት። ከተማው ሁሉ ያውቃታል፣ ሕፃን እንኳ በጣቱ ቆጥሮ ይጠብቃታል። እኔ ነኝ ያላወቅኋት።

እሑድ፣ ሚያዝያ ፳፯

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። ምርኩዛቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። እንጉዳይ ጠላ ብትሰጣቸው አልጠጡም።

«ሁለት ቀን አሰብሁት» አሉ። «ቁጥሩን አነበብሁ። ቃሉን ግን እስከ ዛሬ ማንም አላነበበውም። እዚህ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም እኮ።»

እውነት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው አላሳየነውም። ፈርተን ነው። በጨው ነገር የታሰረ ሰው ወረቀት ይዞ ቢሮ መሄድ «እኔም የእሱ ነኝ» ማለት ነው። ደግሞ የሞተ ሞቷል፤ ሌላ ምን ይላል ብለናል።

«ለዚያ አስተርጓሚ እናሳየው» አሉ። «አብሬሽ እሄዳለሁ።»

መሪጌታ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ በዚያ ደጃፍ አልፈው አያውቁም። መንገድ ጠምዝዘው ነው የሚሄዱ። እንጉዳይ ቀና ብላ አየቻቸው። ጠላውን መልሳ አቀረበችላቸው። አሁን ጠጡ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፰

ሄድን። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው ወረፋው ላይ ቆሙ። ሰው ያያቸዋል። አንዱ «መሪጌታም ሊመዘገቡ መጡ?» አለ። «ሰው አስከትሎኝ ነው፤ አንተን ማን አስከተለህ?» አሉት።

አስተርጓሚው ወረቀቱን መጀመሪያ በልቡ አነበበው። በሩን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በመንገድ ሥራ ሰፈር ነው የሚል። በተስቦ በሽታ። አማኑኤል።»

«አማኑኤል የቱ?» አልሁ። ሌላ አማኑኤል እንዲኖር የፈለግሁ ይመስለኛል።

«ይኸው የእናንተው፣ አደይ። በዚህ መንገድ ሲሄዱ ያለው ከተማ።»

በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። አራት ወር ሙሉ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነበር። እኔ አገልግሌን ሰቅዬ እቤት ተቀምጫለሁ።

መሪጌታ ክንዴን ያዙኝ። አስተርጓሚውን «ልጄ፣ የአማኑኤል ፈቃድ ስጣት» አሉት። ምንም አልጠየቀም። ለእኔና ለእንጉዳይ ጻፈልን። «ዘመድ ጥየቃ ብያለሁ። እስከ 9-5 ነው፣ ከዚያ በላይ አልችልም» አለኝ። «ይህንን ያነበብሁልሽ ደግሞ እኔ አይደለሁም።»

9-5 ግንቦት አንድ ነው። አሁን ቆጥሬ አውቀዋለሁ።

መሪጌታ አብሬሽ በሄድሁ አሉ። የንግሡ ማኅሌት ግን ያለ እሳቸው አይቆምም። ስንለያይ «ስሙን ራስሽ ለካህኑ ስጪው። በሰው አትላኪው» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፱

አማኑኤል ደርሰናል። አንዲት ባልቴት አሳድራናለች። እግሬ ተልጧል፤ ጥቂት ብቻ ልጻፍ።

ሰው ሁሉ ለነገው በዓል ወደ ማርቆስ ይጎርፋል። እኔና እንጉዳይ ብቻ ወደዚህ። ነጫጭ ለብሰው፣ በቅሎ ጭነው፣ ልጅ አዝለው ይመጣሉ። አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን አቁመው «ማርቆስ ወዲያ ነው እናንተ ሴቶች። የት ነው የምትሄዱ?» አሉን። እንጉዳይ «ማርቆስን ቀድመን ተሳልመናል አባባ» አለቻቸው። «በዋዜማው? እንግዲያ ለእኔም ቦታ አልያዛችሁልኝም» ብለው አለፉ።

መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠቅጥቋል። መኪና ሲመጣ ወደ ዳር እንወርዳለን። ከተወሰነ ቦታ በኋላ እንጉዳይ በዳር በዳር፣ በሣሩ ላይ ብቻ መሄድ ጀመረች። ለምን አላልኋትም። እኔም ወደ ሣሩ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፴

ማርቆስ ነው። ከተወለድሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጁ ቀረሁ።

ጠዋት የአጥቢያውን ቄስ አገኘናቸው። የመንገዱ ሰፈር ከተነሣ ዓመት አልፎታል አሉ። የሞቱትን ጓደኞቻቸው እየተሸከሙ ያመጡላቸው ነበር። ከቅጥሩ ጥግ፣ ወይራዎቹ ሥር ቀብረዋቸዋል። ወሰዱን። ጉብ ጉብ ያለ መሬት ነው፤ ሣር ለብሷል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እንጉዳይ ተንበርክካ ሣሩን በእጇ ዳሰሰች፣ ከዳር እስከ ዳር። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አንዱን መርጬ ባለቅስ ሌላው የሰው ልጅ ነው።

«ፍትሐት ተደርጎላቸዋል?» አልሁ።

«አድርሰናል። አርባቸውንም የቻልነውን ያህል። ስም ግን አልነበረንም እናቴ» አሉ ቄሱ። «እነሱም ይፈሩ ነበር፤ ያላቸውም ስም የዓለሙ ስም ነው። 'ስማቸውን አንተ ታውቃለህ' እያልን ነው ያደረስነው።»

የክርስትና ስሙን ነገርኋቸው። ወልደ ኪዳን። አፌ ከክርስትናው ቀን ጀምሮ ጮክ ብሎ አውጥቶት አያውቅም። ቄሱ ደገሙት። ዛሬ ንግሥ ነው፣ ነገ ልደታ ናት፤ ዓርብ በስሙ እናደርስለታለን አሉኝ።

ከዚያ ደወል የሚደውለውን ሰው ጠሩልን። ደሴ ይባላል። ከሰፈሩ ሰዎች አንዱ ነበር፤ ድንጋይ እግሩን ሰብሮት እዚሁ ቀርቷል። እያነከሰ መጣ።

«የመንቆረሩ ስሜነህ? ያ ወሬኛው?» አለ፤ ከተማችንን በድሮ ስሟ ጠርቶ።

እንጉዳይ ሳቀች፤ እያለቀሰች። እሱ ነው። ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

«እናቱ ነዎት? የጠላዎን ነገር ስንሰማ ከርመናል እኮ። ሳንቀምሰው ሰክረንበታል።»

ማን ያበላው ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ጥያቄ ከሳምንት ጀምሮ እንደ ድንጋይ ተሸክሜዋለሁ።

«ምግቡ አይበቃም ነበር። ግን የዚህ አገር ሴቶች ገበያ ውለው ሲመለሱ ዳቦም፣ ቆሎም ይጥሉልን ነበር። ዘበኛ ሲዞር እናነሣለን። የያዘ ላልያዘ ያካፍላል። ስሜነህ ግማሹን በወሬ ይገዛው ነበር፤ 'ይህን ቆሎ ስጠኝና የአማቴን ጠብ ልጨርስልህ' ይላል።»

«የትኛውን ጠብ?» አለች እንጉዳይ።

«ኧረ ብዙ ነበር እቴ።»

ስለ መጨረሻው ቀን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሦስት ቀን አተኩሶት ነበር። ዳስ ሥር አስተኝተውታል። ቀን ይቆጥር ስለነበር ማርቆስ መሆኑን ያውቃል። ጠዋት ትንሽ ቀለል አለው። ፀሐይዋን እያየ «አሁን ታቦቱ ወጣ» ይላል። ጥቂት ይቆይና «አሁን ሁለተኛውን ዞረ» ይላል። «አሁን እናቴ እልል አለች። አሁን ድምጿ ተዘጋ። ሦስት ቀን በጥቅሻ ነው የምታዘን» አላቸው። ሳቁ። ከቀትር በኋላ ተኛ፤ አልነቃም።

ድምፄ በማርቆስ ይዘጋል። በየዓመቱ። ይህን ከቤቴ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

እልል ባልሁበት ሰዓት አብሮኝ ነበር ማለት ነው። እዚያው ደጁ ነበር የዋለው፣ ከእኔ ጋር። ደሴ እኔን ደስ ለማሰኘት የጨመረው ነገር ይኖር ይሆናል። የድምፄን ነገር ግን ከየት ያመጣዋል?

ሐሙስ፣ ግንቦት ፩

ልደታ ናት። ባልቴቲቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ደጅ ንፍሮ ቀቅላለች፤ እኛንም ጠሩን፣ በላን።

ፈቃዳችን ዛሬ ያልቃል። ጠዋት ተነሥተን ብንሄድ ማታ ኬላውን እናልፍ ነበር። ፍትሐቱ ነገ ነው።

እንጉዳይን አንቺ ሂጂ አልኋት። ወጣት ናት፤ እኔ ብታሰር የሚጎድል የለም። እምቢ አለች።

«ነገ አሥር አምስት ነው። ቁጥሩ ያለፈ ነው» አልኋት።

«ቢይዙን፣ አምስት ቁጥር ጥር መስሎን ነው እንላቸዋለን» አለች። «ገና ስምንት ወር ይቀረናል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ባልቴቲቱ ምን እንደሆንን አልገባትም።

ቀትር ላይ ብቻዬን ወይራዎቹ ሥር ሄጄ ተቀመጥሁ። ብዙ ነገር ልነግረው አስቤ ነበር። እንጉዳይ እስካሁን ባል እንዳላገባች፣ የምትጠየቅ ግን እንደሆነች፤ ጎረቤታችን ጥርሷ እንዳለቀ፤ መሪጌታ ወረፋ እንደቆሙለት። ከጉብታዎቹ ወደ የትኛው ዞሬ እንደምናገር አላወቅሁም። ለሁሉም ተናገርሁ። የሌላው እናትም አንድ ቀን ብትመጣ ለእኔውም ልጅ ትነግርልኝ ይሆናል።

እንዴት ናፈቀኝ። አራቱን ወር ነው የናፈቅሁት። የሞተውን ልጅ ለሁለት ዓመት አልቅሼዋለሁ፤ ያን አራት ወር የኖረውን ግን ገና ትናንት ነው የሰማሁት።

ዓርብ፣ ግንቦት ፪

ደረሰለት።

ጠዋት ነው። ሁለት ቄሶችና አንድ ዲያቆን። እኔ፣ እንጉዳይ፣ ባልቴቲቱ፣ ደሴ። ከመንገድ ዳር ቤት ካላቸው ሴቶች ጥቂት መጡ። ማንም አልጠራቸውም። አንዷ «እኛም ዳቦ ወርውረንላቸዋል» አለችኝ። እጇን ሳምሁ። እሷም የእኔን ልትስም ስትታገል ጊዜ ነጠላችን ተጠላለፈ።

ቄሱ መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው «ስማቸውን አንተ ታውቃለህ» አሉ፤ ከዚያ ቆም አሉ። «ወልደ ኪዳን» አሉ። እንደገና ሲደርሱበት እንደገና ጠሩት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሌሎቹ ያለ ስም አለፉ። ስለ እነሱም አለቀስሁ።

ስወጣ ቄሱን አርባው ከየት ይቆጠር ብዬ ጠየቅሁ። ከሞተበት ቢሉኝ ያለፈ ነው። ብዙ አላሰቡም። «ስሙ ከተጠራበት ቁጠሪ» አሉኝ። «እዚያም ያለው ቆጣሪ እንደኛ አይቸኩልም።»

መሪጌታ በዚህ ይስማሙ እንደሆነ አላውቅም። በመጽሐፍ ይኑር አይኑርም አላውቅም። ተቀበልሁት።

ስንቃችንን ቋጥረናል። እንጉዳይ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ኬላው ላይ ምን እንደሚገጥመን እንጃ። ብንታሰርም ግቢው ውስጥ ሆኜ መቁጠር እችላለሁ፤ ለእሱ ግድግዳ አይከለክልም።

ዛሬን አንድ ብያለሁ።